የሚሄድ በረዶ፦ ከአልፕስ እስከ ሳነቴ

እንደምን አመሻችሁ።

በጥንቱ የአዱሊስ ወደብ አንድ የእብነ በረድ ዙፋን ቆሞ ነበር። ስሙ ያልታወቀ የአክሱም ንጉሥ የዘመቻዎቹን ዝርዝር በግሪክኛ አስቀርጾበታል። ዙፋኑ ዛሬ የለም፤ ጽሑፉ ግን በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዚያ ያለፈው ነጋዴ ኮስማስ ገልብጦ ስለ ያዘው ደርሶናል። ንጉሡ ወንዝ ተሻግሮ የስሜንን ሰዎች እንደ ወጋ ይናገርና አገራቸውን ይገልጻል። ተራሮቹ ለመውጣት የሚያስቸግሩ፣ ውርጭና የበረዶ ዝናብ የማይለያቸው፣ በአመዳይ የተሸፈኑ ናቸው ይላል፤ አመዳዩም ሰውን እስከ ጉልበቱ ያሰምጣል።

ይህን ምስክርነት እወደዋለሁ፤ እግሩ የቀዘቀዘ ወታደር የተናገረው ይመስላል። ይሁን እንጂ ጉልበት የሚያሰምጥ አመዳይ ግግር በረዶ አይደለም። ዛሬ ማምሻውን የምናገረው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ስላለው ልዩነት ነው። ከሰማይ የሚወርደውን ነጭ ብናኝ አመዳይ፣ ለብዙ ዓመት ተጠቅጥቆ የጠጠረውንና ከቦታ ቦታ የሚሄደውን ግግር በረዶ እላለሁ። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ግግር በረዶን ለመፍጠር ብርድ ብቻውን አይበቃም። የሳይቤሪያ ሜዳ ከአልፕስ ተራሮች እጅግ ይበርዳል፤ በሜዳው ላይ ግን ግግር የለም። በብርዱ ወራት የሚወርደው አመዳይ ጥቂት ስለሆነ በሙቀቱ ወራት ሙልጭ ብሎ ይቀልጣል። ዋናው ጉዳይ ከዓመት ዓመት የሚተርፍ አመዳይ መኖሩ ነው። ይህን አደራ ያዙልኝ፤ ኋላ ባሌ ስንደርስ እንፈልገዋለን።

አዲስ የወረደ አመዳይ አብዛኛው አየር ነው። አንድ ሜትር ኩብ የሚሆነው ከ50 እስከ 100 ኪሎ ግራም ያህል ቢመዝን ነው። አንድ የሙቀት ወራት ተሻግሮ የተረፈው ጫፎቹን አጥቶ ደቃቅ ጠጠር ይሆናል፤ የሚቀጥለው ዓመት ድርብ ከላይ ይጫነዋል፣ ከዚያም ሌላው። ጠጠሮቹ እየተጠጉ፣ እየተጣበቁ፣ በመካከላቸው ያለው ክፍተት እየጠበበ ይሄዳል። የሜትር ኩቡ ክብደት 830 ኪሎ ግራም አካባቢ ሲደርስ የአየር መተላለፊያዎቹ ይዘጋሉ፤ የቀረው አየር በጥቃቅን አረፋ ታስሮ ይቀራል። በዚህ ጊዜ በረዶ ሆነ እንላለን። ርጥበት በሚበዛባቸው ሞቅ ያሉ ተራሮች ይህ በጥቂት ዓመታት ወይም በአሥር ዓመታት ውስጥ ይፈጸማል። አመዳይ እንደ ብርቅ በሚወርድበት በአንታርክቲካ መካከል ግን ከሺህ ዓመት በላይ ሊወስድ ይችላል። የታሰረውን አየር ተመራማሪዎች በመሰርሰሪያ ባወጡት በረዶ ውስጥ ያገኙታል፤ እስካሁን ሳይቋረጥ የተነበበው መዝገብ ወደኋላ 800,000 ዓመት ያህል ይሄዳል። ስለዚህ መዝገብ ብቻ ሌላ ምሽት መናገር ይቻላል፤ ዛሬ አልፈዋለሁ።

አሁን ወደ እንቅስቃሴው። የተጠራቀመው በረዶ ከ30 እስከ 50 ሜትር ገደማ ሲወፍር የራሱን ክብደት መሸከም ያቅተዋል። በተዳፋቱ አቅጣጫ መሄድ ይጀምራል። ለእኔ ግግር በረዶ የሚወለደው በዚህች ቅጽበት ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው ክምር ነው።

የአልፕስ ገበሬዎችና አዳኞች በረዶው እንደሚሄድ ከጥንት ጀምሮ ያውቁ ነበር፤ የግጦሽ መሬታቸውን እየበላ መጥቶባቸዋልና። ሊቃውንቱ ግን ልኬት ይፈልጋሉ። ፍራንዝ ዮሴፍ ሁጊ የተባለ የስዊዘርላንድ ተመራማሪ በ1827 በኡንተርአር ግግር በረዶ ላይ ለማደሪያ የሚሆን ትንሽ ጎጆ ሠራ። ጎጆዋ በሠራበት ቦታ አልቆየችም። ከ10 ዓመት በላይ አልፎ ሌላው የስዊዘርላንድ ተመራማሪ ሉዊ አጋሲ እዚያው ግግር ላይ ምርምሩን ሲያካሂድ፣ ከመጀመሪያ ቦታዋ ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ታች ወርዳ ነበር። አጋሲ ደግሞ በግግሩ ላይ አግድም ቀጥ ባለ መስመር ካስማ ተከለ። በዓመቱ ሲመለስ መስመሩ ጎብጧል፤ የመካከሉ ካስማዎች ከዳርና ዳሩ ርቀው ሄደዋል። ከዓለት ጋር የሚታከከው ጠርዝ ይዘገያል፣ መካከሉ ይፈጥናል። ወንዝም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ የሚለየው በፍጥነቱ ነው።

ከሁሉም ይልቅ የሚያስደነግጠው በአልፕስ የሚገኘው የሞን ብላን ተራራ ታሪክ ነው። በ1820 ወደ ጫፉ ይወጣ የነበረ የዶክተር ሃሜል ቡድን የአመዳይ ናዳ ወረደበትና ሦስት መንገድ መሪዎች ስንጥቅ ውስጥ ገብተው ጠፉ። የስኮትላንዱ የፊዚክስ ሊቅ ጄምስ ፎርብስ የአካባቢውን በረዶ ፍጥነት ለክቶ ስለነበር፣ አስከሬኖቹ ከ40 ዓመት ገደማ በኋላ ከግግሩ ግርጌ ይወጣሉ ብሎ አሰላ። በ1861 በቦሶን ግግር በረዶ ጫፍ የሰው አካልና የልብስ ቁርጥራጭ መውጣት ጀመረ። ከአደጋው ተርፎ ያረጀ አንድ መሪ የጓደኞቹን ቅሪት አይቶ ለየ። አንድ የሒሳብ ስሌት ከዚህ የበለጠ ምን ማረጋገጫ ሊያገኝ እንደሚችል አላውቅም፤ ባያገኘው ግን በወደድኩ።

ጠጣር ነገር እንዴት ይፈስሳል? በሁለት ዋና መንገድ ነው። አንደኛው በውስጡ ነው፦ የበረዶ ቅንጣት በቀጫጭን ንብርብሮች የተሠራ ነው፤ ክብደት ሲጫነው ንብርብሮቹ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታሉ። እያንዳንዷ ቅንጣት የምትሄደው ኢምንት ነው፤ በመቶ ሜትር ውፍረት ውስጥ ሲደመር ግን ይታያል። ሁለተኛው ከሥሩ ነው። ግፊት የበረዶን የመቅለጫ ነጥብ በጥቂቱ ዝቅ ያደርጋል፣ ከምድር ውስጥም ሙቀት ይወጣል፤ በዚህም ምክንያት ብዙ ግግሮች የተቀመጡት በስስ ውኃ ላይ ነው። ግግሩ ይንሸራተታል፤ ወለሉ ለስላሳ ደለል ከሆነ ደግሞ ደለሉ ራሱ አብሮ ይሳባል። ከሥራቸው እስከ ዓለቱ ደርቀው የቀዘቀዙ ግግሮች ግን ከወለላቸው ጋር ስለ ተጣበቁ በውስጣቸው ብቻ ይፈስሳሉ፤ አዝጋሚ ናቸው።

የላይኛው ሠላሳ ሜትር ገደማ ጫና ስለሌለበት አይለመጥም፤ ይሰበራል። ተራራ ወጪዎችን የሚውጡት ጥልቅ ስንጥቆች የሚፈጠሩት በዚህ ሽፋን ላይ ነው። ፍጥነቱስ? አብዛኛው በዓመት በአሥርና በመቶ ሜትር ይቆጠራል። የግሪንላንዱ ያኮብስሀቭን ግን በ2012 የሙቀት ወራት በቀን ከ40 ሜትር በላይ ሲሄድ ተለክቷል።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነጥብ አለ። ጋዜጦች "ግግሩ ወደ ኋላ አፈገፈገ" ሲሉ በረዶው ዞሮ ሽቅብ የወጣ ይመስላል። ጎታ ያለበት ቤት ያደጋችሁ ቶሎ ይገባችኋል። እህል ከላይ ይገባል፣ ከታች ባለችው ቀዳዳ ይወጣል። ጎታው ቢሞላም ቢጎድልም እህሉ የሚሄደው ሁልጊዜ ወደ ታች ነው፤ የሚለወጠው የገባውና የወጣው ልዩነት ነው። ግግር በረዶም ላይኛው ክፍሉ አመዳይ ይቀበላል፣ ታችኛው ይቀልጣል ወይም ባሕር ውስጥ ይቆረሳል። መቅለጡ ከገቢው ከበለጠ ጫፉ ወደ ላይ ይሸሻል፤ በረዶው ግን በዚያችው ሰዓት ወደ ታች እየሄደ ነው።

እጥረቱ ሲራዘም ግግሩ ይሳሳል፤ ሲሳሳ ራሱን የሚገፋበት ክብደት ያጣል። አይስላንድ ውስጥ ኦክ በሚባል ተራራ ላይ የነበረው ግግር በ2014 ከግግር መዝገብ ተሰረዘ፤ በ2019 ደግሞ የመታሰቢያ ጽሑፍ ቆመለት። ሲሰረዝ በተራራው ላይ በረዶ አልጠፋም ነበር። የተሰረዘው መሄድ ስላቆመ ነው።

በአህጉራችን ዛሬ ግግር በረዶ ያለው በሦስት ቦታ ብቻ ነው፦ በኪሊማንጃሮ፣ በኬንያ ተራራና በሩዌንዞሪ። የኪሊማንጃሮ በረዶ በ1912 ከ11 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሸፍን ነበር፤ በ2011 ከ2 ካሬ ኪሎ ሜትር በታች ሆነ። ሚስዮናዊው ሬብማን በ1848 የኪሊማንጃሮን ነጭ ጫፍ አይቶ ሲጽፍ፣ ለንደን የተቀመጡ የመልክዓ ምድር ሊቃውንት ከምድር ወገብ አጠገብ በረዶ አይኖርም ብለው ሳቁበት። በዓመቱ የኬንያን ተራራ በረዶ ያየው የሥራ ባልደረባው ክራፕፍ፣ ከዚያ ቀደም አንኮበር ላይ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ የከረመ ሰው ነው። እርሱንም አላመኑትም። ከወንበር ሳይነሱ ተራራ መካድ ቀላል ነው።

በአልፕስም የሆነው እንዲሁ ነው፤ ይህ ወደ መሬት ቅርጽ ያስገባናል። ከአልፕስ ማዶ ያሉት የጁራ ተራሮች የኖራ ድንጋይ ናቸው። በላያቸው ላይ ግን እዚህና እዚያ ቤት የሚያካክሉ የግራናይት ቋጥኞች ተቀምጠዋል። ከኑሻቴል ከተማ በላይ ያለው ፒየር አ ቦ የተባለው ቋጥኝ የመጣው ከሞን ብላን አካባቢ ነው። ማን አመጣው? ሊቃውንቱ ታላቅ ጎርፍ ነው ይሉ ነበር። ዣን ፒየር ፔሮዳን የሚባል የተራራ አዳኝ በ1815 ለማዕድን መሐንዲሱ ሻርፓንቲዬ፣ በረዶው ድሮ ሸለቆውን ሁሉ ሞልቶ ነበር፣ ቋጥኞቹን ያመጣው እርሱ ነው አለው። ሻርፓንቲዬ ነገሩን ከቁም ነገር አልቆጠረውም። መሐንዲሱ ቬኔትስ ግን አዳኙን ሰማ፣ ማስረጃ ሰበሰበ፣ በ1829 ሻርፓንቲዬን አሳመነ። አጋሲም በ1836 ሻርፓንቲዬን ሊሞግት ሄዶ ተሸንፎ ተመለሰና በ1837 የበረዶ ዘመን የሚባለውን ሐሳብ ለዓለም አወጀ። ዝናውን የወሰደው አጋሲ ነው። እኔ ብጠየቅ ለአዳኙ እሰጠው ነበር።

በረዶ ለብቻው ልል ነገር ነው፤ ንጹሕ በረዶ ጠንካራ ዓለትን ሊፍቅ አይችልም። ሥራውን የሚሠራው በሆዱ የያዘው ድንጋይ ነው። ውኃ በዓለቱ ስንጥቅ ገብቶ በረዶ ሆኖ ይረጋል፣ ግግሩ ሲንቀሳቀስ ዓለቱን ገንጥሎ ይዞ ይሄዳል፤ የተገነጠለው ደግሞ በተራው ወለሉን ይሞርዳል። ዓለት ላይ ረጃጅም ትይዩ ጭረቶች ካያችሁ በረዶው የሄደበትን አቅጣጫ እያነበባችሁ ነው። ከፍጭቱ የሚወጣው ዱቄት እጅግ የላመ ስለሆነ ከግግር ሥር የሚወጡ ወንዞች ደፍርሰው ወተት ይመስላሉ።

ወንዝ መሬትን የሚቆርጠው በአንድ ጠባብ መስመር ነው፤ ሸለቆው ከታች ይሾላል። ግግር ግን ሸለቆውን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ስለሚሞላ ወለሉንም ጎኑንም አንድ ላይ ይፍቃል። ሲለቅ ወለሉ ሰፊ፣ ግድግዳው ቀጥ ያለ ሸለቆ ይተዋል። ከተራራው ጫፍ ሥር ባለው መነሻው ደግሞ ከሦስት በኩል በገደል የተከበበ ጎድጓዳ ይቦረቡራል። የኖርዌይ ሶኝ ፊዮርድ በዚህ ዓይነት ተፍቆ በኋላ ባሕር የገባበት ሸለቆ ነው። ወደ 200 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፣ በጥልቁ ስፍራ ከ1,300 ሜትር በላይ ይወርዳል። ወደ ባሕሩ የሚከፈተው አፉ ግን ጥልቅ አይደለም፤ በረዶው እዚያ ሲደርስ ሳስቶ ስለነበር የመፋቅ ጉልበቱ አልቋል።

በስሜን ገደል ጫፍ ቆሞ ይህን ሁሉ በረዶ ቆረጠው የሚል አንዳንዴ ይሰማል። አይደለም። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ተደራርቦ የፈሰሰውን የባዛልት ድርብ እንዲያ አድርጎ የሰነጣጠቀው ውኃ ነው፤ የአባይንና የተከዜን ሸለቆም እንዲሁ። በእኛ አገር የበረዶው ሥራ ያለው ከዚያ ከፍ ብሎ፣ በጫፎቹ ዙሪያ ነው፤ ጎልቶ አይታይም፣ ፈልገው ነው የሚያገኙት።

ግግር የተሸከመውን ሲያራግፍ የሚከምረው ግንብ ሞሬን ይባላል። በራስ ዳሸንና በቧሂት አካባቢ እንዲህ ያሉ ግንቦች አሉ። ይበልጥ የተጠናው ግን ባሌ ነው። ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ከፍታ አለው፤ ዙሪያውን 4,000 ሜትር ገደማ ላይ የተዘረጋው የሳነቴ አምባ ነው። ዛሬ ጅብራ ቆሞበት ቀይ ቀበሮ የሚያድንበት ይህ አምባ በአንድ ዘመን የበረዶ ቆብ ደፍቶ ነበር፤ በስተ ሰሜን ባሉት ሸለቆዎችም ግግሮች ይወርዱ ነበር።

መቼ? የበርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2021 ያሳተሙት ጥናት መልስ ሰጥቷል። ዘዴው ብልህ ነው። ከጠፈር የሚመጣ ጨረር የድንጋይን ገጽ ሲመታ በውስጡ ክሎሪን 36 የሚባል ንጥረ ነገር ይፈጥራል። ቋጥኙ በግግሩ ሆድ ውስጥ ሳለ ጨረሩ አያገኘውም፤ በሞሬኑ ላይ ተራግፎ ለሰማይ ከተጋለጠበት ቀን ጀምሮ ክሎሪኑ ይጠራቀማል። መጠኑን መለካት ቋጥኙ እዚያ የተቀመጠበትን ዘመን መለካት ነው። ውጤቱ፦ የኢትዮጵያ ግግሮች ከሁሉ ይበልጥ የሰፉት ከ42,000 እስከ 28,000 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ነው። ሙቀቱ ከዛሬው ከ4.4 እስከ 6 ዲግሪ ሴልሺየስ ዝቅ ብሎ ነበር፤ ጅብራና አስታ የሚበቅሉበት ቀጠናም 700 ሜትር ያህል ወደ ታች ወርዶ ነበር።

የሚያስገርመው ዘመኑ ነው። በሰሜን አሜሪካና በሰሜን አውሮፓ በረዶው ከጫፍ የደረሰው ከ21,000 ዓመት በፊት ገደማ ነው። ያን ጊዜ የዓለም ባሕር ከዛሬው 120 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ነበር፤ ባብ ኤል መንደብም እጅግ የጠበበ መተላለፊያ ሆኖ ነበር። የእኛው ግግር ግን ትልቁን ልኩን ከዚያ አስቀድሞ ደርሶበታል። የምሥራቅ አፍሪካ ተራሮችም እርስ በርሳቸው አልተመሳሰሉም። ተመራማሪዎቹ ምክንያቱ ከቦታ ቦታ የሚለያየው የዝናብ፣ የሙቀትና የተራራ አቀማመጥ ተጽዕኖ ነው ይላሉ። አደራ ያልኳችሁ የሳይቤሪያ ነገር የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ የሚወርድ ከሌለ ብርዱ ቢበረታም ግግሩ አይሰፋም።

ሌላም አለ። በሳነቴ መካከል በተዳፋቱ አቅጣጫ የተዘረጉ የድንጋይ መስመሮች አሉ፤ እስከ 1,000 ሜትር ይረዝማሉ፣ እስከ 15 ሜትር ይሰፋሉ። ሰው የደረደራቸው ይመስላሉ። የደረደራቸው ግን መሬቱ ነው፤ ከግግሩ አጠገብ የነበረው አፈር እየረጋና እየቀለጠ፣ እያበጠና እየሟሸሸ ትልልቁን ድንጋይ ከአፈሩ ለይቶ አሰለፈው። ይህን የሚያክል የድንጋይ ሰልፍ ከዚያ በፊት በሞቃታማው የምድር ቀበቶ አልታወቀም ነበር።

በዚያ ብርድ ሰው ነበረ ወይ? ነበረ። ፊንጫ ሐበራ በሚባል፣ ከባሕር ወለል 3,469 ሜትር ላይ በሚገኝ የዓለት ጥግ፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ሰዎች ይመላለሱ እንደ ነበር በ2019 የወጣ ጥናት አሳይቷል። የሚበሉት ግዙፉን የባሌ ፍልፈል ነው፤ አጥንቱ ተጠብሶ ተገኝቷል። ቀይ ቀበሮ ዛሬም የሚኖረው በዚሁ ፍልፈል ነው። ውኃ ከግግሩ ቅልጥ ያገኛሉ። መሣሪያቸውን የሚጠርቡበትን ጥቁር የእሳተ ገሞራ መስታወት ለማምጣት ደግሞ ከ4,200 ሜትር በላይ፣ በረዶው ድረስ ይወጡ ነበር። ቆላው ሞቆ ሳለ ለምን እዚያ ወጡ የሚለው ያከራክራል። እኔ በበኩሌ የሚበላ፣ የሚጠጣና የሚጠረብ በአንድ ተራራ ካለ ብርዱ ይቻላል ባይ ነኝ።

ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ ሳነቴን አቋርጦ ያልፋል፤ በዚያ የምትጓዙ ከመኪና ውረዱ። የምትፈልጉት ተራ የድንጋይ ክምር አይደለም። ውኃ የሚከምረው በመጠን በመጠኑ የተለየ ነው፤ አሸዋው ለብቻ፣ ጠጠሩ ለብቻ። ግግር ግን አይመርጥም፦ ቤት የሚያክለውን ቋጥኝና የላመውን ዱቄት አንድ ላይ ዘርግፎ ሸለቆውን አግድም ወይም በጎኑ የሚከተል ጀርባ ያበጀዋል። በላዩ የተቀመጠውን ቋጥኝ ዙሩት፣ ዳስሱት፣ ፎቶግራፍ አንሡት፤ አታገላብጡት። የክሎሪኑ ስሌት የሚሠራው ድንጋዩ ግግሩ እንዳስቀመጠው ከቆየ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተገለበጠ ለሚቀጥለው ተመራማሪ አይጠቅምም።

ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።